ከአፍ እስከ ጆሮ

አማርኛችን አንዳንድ ጊዜ ጨካኝ ነው። «ደንቆሮ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። በጥንቱ ትርጉሙ ጆሮው የማይሰማ ሰው ማለት ነው። ዛሬ ግን ይህን ስድብ የሚወረውር ሰው የሚያነጣጥረው ጆሮ ላይ ሳይሆን ጭንቅላት ላይ ነው። «ምን ዓይነት ደንቆሮ ነህ!» ስንል አይገባህም፣ አታውቅም፣ ብትማርም አትለወጥም ማለታችን ነው። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል ውስጥ ተዳብለው የሚኖሩት እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ያልሰማ አያውቅም ብለን ለዘመናት ስላሰብን ነው። እንግሊዞችም ከዚህ ብዙ አልራቁም፤ «ደምብ» የሚለው ቃላቸው ዲዳውንም ቂሉንም በአንድ ገመድ ያስራል። አሁን አሁን «መስማት የተሳናቸው» ማለት ጀምረናል። ቃሉ ተሻሽሏል፣ ደግ ነው። ሐሳቡ ከቃሉ ጋር አብሮ መሻሻሉን ግን እጠራጠራለሁ።

የምጠራጠረው በተለይ በአንድ ልጅ ምክንያት ነው። ይህ ልጅ ጨርሶ የማይሰማ አይደለም። ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል። በር ሲንኳኳ ይሰማል። አጠገቡ ቆመው ሲያናግሩት ደህና አድርጎ ይመልሳል። መምህሩ ከወዲያ ጥግ ሆኖ የተናገረውን ዓረፍተ ነገር ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያገኘው። ታዲያ ምን እንለዋለን? «ሲፈልግ ይሰማል፣ ሳይፈልግ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል» እንለዋለን። ሰነፍ፣ ፈዛዛ፣ ልቡ ሌላ ቦታ የሆነ። በሪፖርት ካርዱ ላይ የሚጻፈውም ይኸው ነው። ስለዚህ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ይህ ልጅ ክፍል ውስጥ እንዲሰማ ሰዎች ስለደከሙበት መንገድ ነው። (የምጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከርቀት ነው። ድምፅ በተጓዘ ቁጥር ይደክማል። በገላጣ ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የድምፁ መጠን በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። አንድ ሜትር ላይ 65 ዴሲቤል ሆኖ የሚሰማ የመምህር ድምፅ ሁለት ሜትር ላይ 59፣ አራት ሜትር ላይ 53፣ ስምንት ሜትር ላይ 47 ይደርሳል ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ሲሆን ግድግዳው የተወሰነውን ይመልሰዋል። ችግሩ የሚመልሰው አዘግይቶ ስለሆነ የፊተኛው ቃል በኋለኛው ላይ ይደረባል። በዚህ ላይ የዴስክ መንቋቋት አለ፤ ሳልና ሹክሹክታ አለ፤ ከውጭ የመኪና ጡሩምባ አለ። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን መደብደብ ይጀምራል። ያን ጊዜ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል፤ ለዚያች ሩብ ሰዓት ክፍሉ በሙሉ መስማት ይሳነዋል። ያ ልጅ ግን ጥርና የካቲትም ዝናብ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

አዋቂ ሰው ያልሰማውን ቃል ከዐውዱ ተነሥቶ ይሞላዋል። ሕፃኑ ቋንቋውን ገና እየተማረው ነውና ከየት አምጥቶ ይሙላው? በአማርኛ ነገሩ ይብሳል። አናባቢዎች ባለ ጉልበት ናቸው፣ ሩቅ ይሄዳሉ። እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ደካሞች ናቸው፣ መጀመሪያ የሚጠፉትም እነሱ ናቸው። «ፈሰሰ»፣ «ፈረሰ»፣ «ፈለሰ» ከኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ጆሮው ለደከመ ልጅ አንድ ቃል ይሆኑበታል። ማጥበቅና ማላላት ደግሞ አለ። «ዋና» ሲላላ ባሕር ውስጥ የሚዋኙት ነው፣ ሲጠብቅ የነገሩ አውራ ነው። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ፊደላችን ይህን ልዩነት አይጽፈውም፤ ለጆሮ አደራ ብሎ ይተወዋል። አደራውን መቀበል ያልቻለ ልጅ መጽሐፍ ቢሰጡትም እንኳ ግማሽ አማርኛ ነው የሚያነበው።

ወደ ታሪኩ እንግባ። አሌክሳንደር ግራሃም ቤልን ስልክ የፈለሰፈ ሰው አድርገን እናውቀዋለን። እሱ ግን ራሱን ከሁሉ በፊት የሚቆጥረው መስማት የተሳናቸው ልጆች መምህር አድርጎ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ኢላይዛ የመስማት ችግር ነበረባቸው። ሌላው ሰው በጆሮ ቱቦ ሲያናግራቸው፣ ልጃቸው ግን አፉን ወደ ግንባራቸው አስጠግቶ በዝግታ ያወራቸው እንደነበር ተጽፎለታል። ይህችን ነገር ያዙልኝ። ልጁ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ተጠጋ እንጂ።

ቤል በ1871 ቦስተን ውስጥ መስማት በተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። በ1874 ከአንድ የጆሮ ሐኪም የሞተ ሰው ጆሮ ተቀበለና፣ በውስጡ ካለችው አጥንት ጋር አንዲት የሣር ዘንግ አያያዘ። ሰው ወደ ጆሮው ሲናገር ታምቡሩ ይንቀጠቀጣል፣ ዘንጓም በጢስ በጠቆረ መስታወት ላይ የድምፁን መስመር ትስላለች። ዓላማው ተማሪዎቹ በጆሯቸው የማያገኙትን ድምፅ ቅርፁን በዓይናቸው አይተው እንዲለማመዱት ነበር። ያች ስስ ታምቡር አጥንት ማንቀሳቀስ ከቻለች ሌላ ስስ ነገርስ ብረት ለምን አያንቀሳቅስም የሚለው ሐሳብ ወደ ስልኩ ከመሩት መንገዶች አንዱ ሆነ። የፈጠራ መብቱን በመጋቢት 1876 አገኘ። ዛሬ ከኪሳችን የማይወጣው ዕቃ አንድ ሥሩ መስማት በተሳናቸው ልጆች ክፍል ውስጥ ነው ማለት ነው። በ1877 ያገባት ሜብል ሃባርድ በአምስት ዓመቷ በደረሰባት ትኩሳት መስማት ያቆመች ሴት ነበረች። ስልኩ ባሏን ባለጸጋ አደረገው፤ እሷ ግን አንድም ቀን አልሰማችበትም።

ቤል ቅዱስ አልነበረም። ከእናቱ ጋር በጣት ፊደል ያወራ የነበረው ይኸው ሰው የምልክት ቋንቋ ከትምህርት ቤት እንዲወጣ አጥብቆ ተከራከረ። በ1883 ለአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጽሑፍ መስማት የተሳናቸው ሰዎች እርስ በርስ መጋባታቸው መስማት የማይችል የሰው ዘር ይፈጥራል ብሎ አስጠነቀቀ። በዚህ ሐሳብ ብቻውን አልነበረም። በመስከረም 1880 ሚላኖ ላይ የተሰበሰበ የመምህራን ጉባኤ ልጆቹ በንግግር ብቻ እንዲማሩ ወስኖ ነበር። ከ164ቱ ተሰብሳቢዎች መካከል ራሱ መስማት የተሳነው አንድ ሰው ብቻ ነበር። የሚወሰነው ስለ ማን ነበር? የሚወስነውስ ማን ነበር? ፍርዱን ለእናንተ ልተወው። ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች መስማት የተሳናቸው መምህራን ከሥራ ወጡ፤ በእጃቸው ያወሩ ልጆችም ተቀጡ። ተመሳሳይ ጉባኤ ተሰብስቦ የሚላኖን ውሳኔ በይፋ የሻረው በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው። 130 ዓመት!

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የድምፅ ማጉያ ወደ ክፍል የገባው በዚህ አየር ውስጥ ነውና። በ1920ዎቹ በራዲዮ ውስጥ የሚሠራው የመስታወት ቱቦ ሲመጣ ድምፅን በኤሌክትሪክ ማጉላት ተቻለ። ትምህርት ቤቶችም የጋራ ማዳመጫ ማስገባት ጀመሩ። በመምህሩ ፊት ማይክሮፎን፣ በየዴስኩ ላይ የጆሮ ማዳመጫ፣ በመካከል ሽቦ። ልጆቹ ችካል ላይ እንደታሰረ ጥጃ ከወንበራቸው መነሣት አይችሉም ነበር። ሆኖም ትንሽ መስማት ለሚችለው ልጅ ትልቅ ነገር ሆነ፤ የመምህሩ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉን አቋርጦ ጆሮው ሥር ደረሰ። ጨርሶ ለማይሰማው ልጅ ግን ያው ሽቦ የባሰ ጭነት ነበር። መሣሪያው አለልህ፣ እጅህን ሰብስብና ስማ! ተባለ። አንዱ መሣሪያ ለአንዱ በር፣ ለሌላው ግድግዳ የሆነበት ምሥጢር ይህ ነው።

በዚያው አሥር ዓመት አሜሪካኖቹ ሌላም ነገር አመጡ። ቁጥሮች የተቀዱበት ሸክላ ነው። ድምፁ ከቁጥር ወደ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል፤ እስከ 40 የሚደርሱ ልጆች ማዳመጫ አድርገው የሰሙትን ቁጥር በወረቀት ይጽፋሉ። ቁጥሩ ቶሎ የጠፋበት ልጅ ለምርመራ ይላካል። ነገሩ ቀላል ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ነው «ሰነፍ» ከተባሉት መካከል ስንፍናቸው ጆሯቸው ውስጥ የሆነ ልጆች መኖራቸው በወረቀት ላይ መታየት የጀመረው። ድምፅ የሚለካበት ዴሲቤልም ስሙን ያገኘው በዚያው ዘመን ከቤል ነው።

በታኅሣሥ 1947 በቤል ስም በሚጠራው የምርምር ተቋም ውስጥ ትራንዚስተር ተፈጠረ። ለሕዝብ ከቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች አንዱ የጆሮ መርጃ ነበር፤ በ1952 ማብቂያና በ1953 ገበያ ላይ ዋለ። ኩባንያው ቤልን ለማሰብ ሲል ከጆሮ መርጃ ሠሪዎች የፈጠራ መብቱን ክፍያ አልጠየቀም። በዚህ መካከል እንግሊዝ በ1948 አዲሱን የጤና አገልግሎቷን ስትከፍት የጆሮ መርጃን በነፃ ማደል ጀምራለች። ደረት ላይ በከባድ ባትሪ ይንጠለጠል የነበረው ሣጥን እያነሰ እያነሰ ሄዶ ከጆሮ ጀርባ ገባ።

እፎይ! አለቀ፣ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መሣሪያ አለው ትሉ ይሆናል። አላለቀም። የጆሮ መርጃ ማይክሮፎኑ ያለው ልጁ ጋ ነው። ስለዚህ ስንዴውንም እንክርዳዱንም አብሮ ያጎላል። የመምህሩ ድምፅ ከስምንት ሜትር ደክሞ ሲመጣ፣ የጎረቤቱ ዴስክ ከግማሽ ሜትር ላይ ጮሆ ይገባል። ባለሙያዎች መስማት ለሚያስቸግረው ልጅ የመምህሩ ድምፅ ከጫጫታው ቢያንስ በ15 ዴሲቤል መብለጥ አለበት ይላሉ። ይህ ደግሞ ልጁ ጆሮ ላይ ያለውን መሣሪያ የፈለጉትን ያህል በመክፈት አይገኝም። ከጫጫታው ጋር አብሮ ይከፈታላ!

መፍትሔው ማይክሮፎኑን ከልጁ ወስዶ መምህሩ አፍ ሥር ማድረግ ሆነ። እንግሊዝ አገር የነበረው ጆሴፍ ፖሊያኮፍ በ1937 መብት ያወጣበት ዘዴ ለዚህ አገለገለ። በክፍሉ ዙሪያ ሽቦ ይዘረጋል፤ የመምህሩ ድምፅ በሽቦው ውስጥ ሲያልፍ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ በልጁ መሣሪያ ውስጥ ያለች ጥቅል ሽቦ ትቀበለዋለች። ልጁ ከዴስኩ ተፈታ። አንድ ጣጣ ግን ነበረው። መስኩ ግድግዳ አያግደውምና ሒሳብ ላይ የተቀመጠው ልጅ ከጎረቤት ክፍል የሚመጣ ታሪክ ይሰማ ነበር። ቀጥሎ ኤፍ ኤም ራዲዮ መጣ። መምህሩ አነስተኛ ማሠራጫ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ ልጁ መቀበያ ይይዛል። አሜሪካ በ1971 ለዚሁ ሥራ የተለየ የራዲዮ ሞገድ ፈቀደች። በ1975 የወጣው ሕግ አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ጋር በተራ ትምህርት ቤት እንዲማሩ በር ሲከፍት ደግሞ መሣሪያው በየክፍሉ ተፈላጊ ሆነ። የራሱ ቀልድም አለው። ማሠራጫውን ማጥፋት የረሳ መምህር በዕረፍት ሰዓት ከባልደረባው ጋር የሚያወራው ሐሜት በቀጥታ ሥርጭት ተማሪው ጆሮ ይገባል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቀጣዩ ነው። በ1977 ኢሊኖይ ውስጥ በሚገኝ አንድ የገጠር የትምህርት አውራጃ መለስተኛ የመስማት ችግር ያለባቸውን፣ በትምህርታቸውም ወደኋላ የቀሩ ልጆችን የሚመለከት ጥናት ተጀመረ። በምኅፃር «ማርስ» ይሉታል። ከልጆቹ ገሚሶቹ እንደተለመደው ተነጥለው ወደ ልዩ ድጋፍ ክፍል ተላኩ። ሌሎቹ እዚያው ክፍላቸው ቀሩ፤ መምህሩ ማይክሮፎን አደረገ፣ ክፍሉ ውስጥ ድምፁን ለሁሉም እኩል የሚያደርሱ ማጉያዎች ተሰቀሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲታይ ክፍላቸው የቀሩት ልጆች ፈጥነው ተሻሻሉ፤ ወጪውም አነስተኛ ሆነ። ማጉያው ልጁን ብቻውን ለይቶ ምልክት አላደረገበትም፤ የተሻሻለው ክፍሉ ነበርና።

እኔም ይህን በመጠኑ አይቼዋለሁ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንዲት ተማሪ ሴሚስተሩ ሊጀመር ሲል ቢሮዬ መጥታ፣ «መምህር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ሲናገሩ ወደኛ ይዙሩልኝ፤ ወደ ሰሌዳው ሲዞሩ የማነበው ነገር ይጠፋኛል» አለችኝ። የምታነበው ከንፈሬን ነበር። እሺ አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጽፌ እጨርስና ዞሬ እናገራለሁ፤ ግጥም ሳነብ ወረቀቱን ከአፌ ዝቅ አደርጋለሁ። ወር ሳይሞላ ከመጨረሻው ረድፍ ጥያቄ መምጣት ጀመረ። ጠያቂዎቹ ጆሯቸው ደህና የሆነ ልጆች ናቸው። ለአንዷ የተደረገው ለሁሉም ደረሰ። አንድ ሳንቲም አልወጣበትም።

ዓለም ቀስ በቀስ ወደዚህ እየመጣ ነው። አሜሪካኖቹ በ2002 ባወጡት የክፍል መሥፈርት መሠረት ማንም ያልገባበት ተራ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ያለው ጫጫታ ከ35 ዴሲቤል፣ የገደል ማሚቶው ርዝመትም ከ0.6 ሴኮንድ መብለጥ የለበትም። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ድምፅ ከመጨመራችሁ በፊት ጫጫታ ቀንሱ ማለት ነው። በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ ማጉያ መስቀል የማሚቶውን ብዛት ማሳደግ ነው።

ወደኛ ስንመጣስ? የአብነት ትምህርት ቤቱን አስቡ። ግቢው ጫጫታ ነው፤ ሁሉም የየራሱን ትምህርት ይጮኻል። ልጁ ተራው ሲደርስ ግን ከመምህሩ እግር ሥር ቁጭ ይላል፤ አፍና ጆሮ ክንድ አይራራቁም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ሰሌዳና ዴስክ አመጣ፣ ብዙ ልጅ በአንድ ጊዜ ማስተማር ተቻለ። ዋጋው ርቀት ነበር። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን «ፕላዝማ» ገባ። ድምፅ ማጉያ አላጣንም ነበር፤ ያውም በሳተላይት! ነገር ግን መስኮቱ ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ እየተናገረ፣ ተማሪው ሰማ አልሰማ ሳይል ይነጉድ ነበር። «ይድገሙልኝ» የማይባል መምህር ድምፁ ቢጎላ ቅርብ አይሆንም። ቤል ግንባራቸው ላይ ተጠግቶ ያናገራቸው እናት ይህን በደንብ ይገባቸው ነበር።

አንድ ነገር እንዳይምታታብን። ጨርሶ ለማይሰማው ልጅ ማጉያ መልስ አይደለም፤ መልሱ የምልክት ቋንቋ ነው። በዚህ በኩል እኛም የምናወራው ታሪክ አለን። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር በ1970 ተመሠረተ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2008 የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ማስተማር ጀመረ። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2010 አጽድቃለች። ማጉያና ምልክት ጠላቶች አይደሉም፤ ጠላት ያደረጓቸው ሚላኖ ላይ የተሰበሰቡት ናቸው። ልጁ የሚፈልገውን ማወቅ ነው ቁም ነገሩ፤ ለማወቅ ደግሞ መመርመር ይቀድማል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 1.5 ቢሊዮን ሰዎች በተለያየ ደረጃ የመስማት ችግር እንዳለባቸው፣ 430 ሚሊዮን የሚሆኑት ደግሞ ድጋፍ እንደሚያስፈልጋቸው አስታውቋል። በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉዳት 60 በመቶ ያህሉን መከላከል ይቻላልም ይላል። ከምክንያቶቹ አንዱ እኛ ቤት በደንብ የሚታወቀው የጆሮ መምገል ነው። «ጆሮው ይፈሳል፣ ሲያድግ ይተወዋል» ይባላል። አንዳንዱን ይተወዋል፤ አንዳንዱን ግን መስማቱን ይዞበት ይሄዳል። ከዚያ ያ ልጅ ትምህርት ቤት ይገባና የመጨረሻው ዴስክ ይደርሰዋል፤ ረጅም ነውና ከኋላ ይቀመጥ ተብሎ።

ማይክሮፎኑና ማጉያው በየክፍላችን ቢገባ ደስታዬ ነው፤ ይግባም እላለሁ። እስኪገባ ድረስ ግን እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥበት ምክንያት የለም። የሚፈስ ጆሮን ጤና ጣቢያ መውሰድ፣ «ሲፈልግ ይሰማል» የተባለውን ልጅ ከጀርባው ሆኖ በዝግታ ጠርቶ ማየት፣ ካልዞረ ማስመርመር፣ ወደ ፊት ማምጣት፣ በመንገድ በኩል ያለውን መስኮት መዝጋት፣ ፊትን ወደ ተማሪ አዙሮ መናገር። ለእነዚህ ባትሪም ሽቦም አያስፈልግም። እነዚህን የለመደ ክፍል ውስጥ የሚሰቀል ማጉያ የሚያጎላው ትምህርት ያገኛል። ባለመደው ክፍል ውስጥ ከተሰቀለ ግን የዴስኩን መንቋቋት ነው የሚያሰማን።